ኦቦ ገመዳ የሰጡኝ ምራቅ

ይህ ነገር የጀመረው ካቻምና፣ ሽንኩርት በሚነሳበት ሰሞን ነው። አለቀ ስል አላለቀም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ ቶሎ የማላነሳው በሱ ምክንያት ነው። ለሰው ላውራው ብዬ ስጀምር "በውሻ ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው?" ይሉኛል፤ እኔም እናደድና እተወዋለሁ። እስቲ እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አዳማ ውስጥ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ደንበኞቼ ከቆቃ፣ ከመቂና ከባቱ የሚመጡ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬዎች ናቸው። ሴት ሆኜ ፓምፕ ስፈታ መጀመሪያ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ፤ ፓምፑ ሲነሳ ግን ዝም ይላሉ። "አፏ አያርፍም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አያርፍም።

ከደንበኞቼ አንዱ ባቱ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ ማርቲን የሚባል ፈረንጅ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሴቷን ውሻውን ለኔ ተወልኝ። መልኳ ቀይ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልኳት። ጀርባዋ ላይ መሃል ለመሃል ፀጉሯ ወደ አንገቷ ተገልብጦ ነው የበቀለው። ያያት ሁሉ "ምነው፣ ምን ነክቷት ነው?" ይላል። ምንም አልነካትም፣ ዝርያዋ ነው። ከሌላ ቤት ገዝቶት የነበረውን ወንዱን ደግሞ ቢሾፍቱ ለሚኖር ወዳጁ ሰጥቶት ነበር።

ሁለቱን አገናኘናቸውና ዳማ ወለደች። እሷም ጤነኛ፣ ወንዱም ጤነኛ፣ ሁለቱም ሲያዩአቸው ደስ የሚሉ። ማን ምን ይጠረጥራል? እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት ቆጥረን፣ በዘሩ እንዲህ ያለ በሽታ አለ የለም ብለን ሰፈር ለሰፈር እናጠያይቃለን። ለውሻ ግን ማን ይጠይቃል? እኔም አልጠየቅኩም።

ኦቦ ገመዳ የቆቃ ሰው ናቸው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን ናቸው። ረዥም፣ ረጋ ያሉ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ የማያወጡ ሽማግሌ። አንድ ቀን የፓምፕ ጎማ ሊገዙ መጥተው ከሱቁ ጀርባ ቡችሎቹን አዩ።

"ፓምፔን ሌባ አላስቀምጥ ብሎኛል። አንዱን ስጪኝ" አሉኝ።

"ይምረጡ" አልኳቸው።

ብዙ አልመረጡም። ዓይኑን ከሳቸው ላይ ያልነቀለውን አንዱን አንስተው በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ስሙንም እዚያው አወጡለት። መከታ አሉት።

ወራት አለፉ። ኦቦ ገመዳ ብቅ ሲሉ "መከታ እንዴት ነው?" እላቸዋለሁ፤ "አድጓል፣ ጎረምሳ ሆኗል" ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ግን አንድ ዘንቢል ቲማቲም ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ምንድነው ይሄ?" አልኳቸው።

"ላንቺ ነው። መከታ ይወድቃል" አሉኝ።

"እንዴት ነው የሚወድቀው?"

"ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል። ከዚያ ይነሳል። እግዜር ይስጥሽ ሰናይት። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ውሻው ታሞበት እየሳቀ የሚያመሰግን ሰው አይቼ አላውቅም። "ምን ሆነው ነው?" ብዬ ሳልጨርስ ወጡ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

ማርቲን ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት። ቀጥሎ "ሲነቃ ነው ወይስ ጋደም ሲል?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በዚህ ዝርያ ላይ በዘር የሚወረስ የሚጥል በሽታ እንዳለ፣ ውሾቹ ገና ጎረምሳ ሳሉ እንደሚጀምራቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንደሚይዛቸው ነገረኝ። ደግነቱ ምርመራ አለው። የጉንጫቸውን ውስጥ በጥጥ ፈትጎ ወደ ውጭ መላክ ነው። "እስኪታወቅ ድረስ ዳማን እንዳታስወልጂያት" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ ጥጥ የተጠቀለለባቸውን እንጨቶች ከነብልቃጣቸው ላከልኝ። እንዳይበላሽ ብሎ ትርፍም ጨምሮበታል።

የዳማን ወሰድኩ። የቢሾፍቱውም ሰውዬ የወንዱን ሰጠኝ። የቀረው መከታ ነበር። ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ቆቃ ወረድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ እስከ ኦቦ ገመዳ ግቢ።

እሳቸው ማሳ ነበሩ። ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱና አንዲት ጎረቤት ሽንኩርት እየለቀሙ ተቀምጠዋል። "አካም ጅርቱ" ብዬ ገባሁ፣ ተነስተው ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ውሻው ነው። ፓፓያው ጥላ ሥር ንጹሕ ሰሌን ተነጥፎለት ተኝቷል። አጠገቡ በሳህን እሾሁ የተለቀመለት ዓሣ አለ። በእኛ አገር ውሻ ሰሌን ላይ ተኝቶ ዓሣ ሲለቀምለት ያየ ካለ ይንገረኝ። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብዬ ሳልጨርስ የመከታ ዓይን ሸለብ አለ።

መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ነው የነጠረው፤ ኤሌክትሪክ የያዘው ይመስል። እንደገና ነጠረ። ከዚያ እግሮቹ ግትር አሉ፣ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎረቤቷ ሽንኩርቱን በትና ብድግ አለች።

"ክብሪት! ክብሪት አምጡ!"

ክብሪት ጭረው ጭሱን ሊያሸቱት ነው። ለሰው የሚያደርጉትን ለውሻ። በዚህ መሃል ከቤቱ በር የሴት ልጅ ድምፅ መጣ።

"ክብሪቱን ተዉት! ጭሱ ያፍናል። በጎኑ አድርጉትና ልቀቁት፣ ራሱ ይነሳል።"

ዞር አልኩ። ሻሽ ያሰረች፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ በሩን ይዛ ቆማለች። ኦቦ ገመዳን ስንት ዘመን ሳውቃቸው ሁለት ሴት ልጆች ድረው እንደነበር ነው የማውቀው። ቤት የቀረች ሦስተኛ ልጅ እንዳለቻቸው ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ሌሊሴ ትባላለች። ክብሪቱ እንዴት እንደሚያፍን ያወቀችው ከዳር ቆማ አይታ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ጎረቤቷ ደግሞ ውሻው እየተንፈራገጠ ሌሊሴን ሌሊሴን እያየች "ጭዳዋ ያድርገው፣ ጭዳዋ ያድርገው" ትላለች።

መቼም ብርጭቆ ሲሰበር፣ ዶሮ ሲሞት "ጭዳ ይሁናችሁ" እንላለን። እኔም ስንቴ ብያለሁ። ሰው ለማጽናናት የምንላት ነገር ናት። እዚያ ግቢ ግን ማጽናኛ አልነበረችም። የምር ነበረች።

መከታ ተነስቶ እየተንገዳገደ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ አዴ ወርቂቱን ወደ ጓዳ ይዣቸው ገባሁ። አፌ አያርፍም ብያችኋለሁ፣ ጠየቅኳቸው። እንባቸው ቀደማቸው። ሌሊሴን ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላታል። እህቶቿ እስኪዳሩ ሰው እንዳያውቅ ብለው ከቤት አያስወጧትም ነበር። ጠበል ሄደዋል፣ ያልሄዱበት የለም። በኋላ ጤና ጣቢያ የሰጧት ኪኒን በጣም አሻላት። ኪኒኑን እየዋጠች ብዙ ወር ሳትወድቅ ቆየች። ልክ በዚያ ሰሞን ነው መከታ መውደቅ የጀመረው።

"አባቷ፣ በሽታው ለቋት ውሻው ላይ ሰፈረ አለ" አሉኝ። "ሰፈሩም ጭዳ ሆነላችሁ አለ። ኪኒኑን ወስዶ ቦይ ውስጥ ጣለው።"

"ጣሉት?"

"ጣለው፣ ልጄ። እየዘለለ ነው የጣለው።"

ያ ዘንቢል ቲማቲም፣ ያ ፈገግታ፣ ያ ሰሌን፣ ያ ዓሣ አሁን ገባኝ። ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም። ልጅቷ መድኃኒት ከተወች መቼም መቼም መውደቋ አይቀርም። ምድጃ ላይ ትሁን፣ ቦይ ውስጥ ትሁን፣ ማን ያውቃል?

ኦቦ ገመዳ ከማሳ ሲመለሱ ደጅ ጠበቅኳቸው። "ኦቦ ገመዳ፣ መከታ ይሄን በሽታ ከእናቱ ከአባቱ ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከሌሊሴ አልመጣም" አልኳቸው።

ስሟን ስጠራ ፊታቸው ልውጥ አለ። ግን አልተቆጡም።

"እናቱ ትወድቃለች?" አሉኝ።

"አትወድቅም።"

"አባቱስ?"

"እሱም አይወድቅም።"

"ታዲያ ከየት አመጣው?"

ጥጡን ከቦርሳዬ አወጣሁና በዚህ እንደሚመረመር ነገርኳቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ኪኒኑን እንኳ ትጀምር ብዬ ለመንኳቸው። "እግዜር ያነሳልንን እኛ አላመንም ብለን ኪኒን ብንውጥ ተመልሶ ይመጣል" አሉኝ። ብቻ ጥጡን አልከለከሉኝም። የመከታን ጉንጭ ስፈትግ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው እያዩ "በዚች ይታወቃል?" አሉ። ምራቁ ውስጥ ዘሩ ሁሉ አለ ይላሉ አልኳቸው። ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱና ለረጅም ጊዜ አዩት።

የሦስቱንም ለማርቲን ልኬ ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። ዳማ ሱቅ በር ላይ ተኝታ በህልሟ እግሯን ስታንቀሳቅስ ከደንበኛ ጋር የያዝኩትን ወሬ ትቼ እዘላለሁ። አዴ ወርቂቱ ጋ እየደወልኩ "ሌሊሴ ደህና ናት?" እላለሁ። "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ይሉኝና ቶሎ ይዘጋሉ። ያቺ ጥድፊያቸው ደስ አላለችኝም።

ማርቲን የደወለው ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። ዳማ ራሷ አትታመምም፤ ግን በሽታውን በዘሯ ትሸከማለች። የቢሾፍቱውም ወንድ እንደዚሁ። አንዱ ብቻ ቢሸከም ኖሮ ልጆቹ አይወድቁም ነበር። ሁለት ተሸካሚ ሲገናኝ ግን ከሁለቱም በኩል የደረሰው ቡችላ ይታመማል። መከታ ከሁለቱም ወስዷል። ደንበኞቼን "ይቅርታ አድርጉልኝ" ብዬ ሱቁን ዘጋሁት።

ቆቃ ስደርስ ኦቦ ገመዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። መከታ እግራቸው ሥር ነው። ሌሊሴ ሻይ አመጣችልኝ። ግራ ክንዷ ከክርኗ እስከ መዳፏ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ሻይ ደፍታ ነው" አሉ አዴ ወርቂቱ ፈጥነው። ሌሊሴ መሬት መሬት ታያለች።

ለኦቦ ገመዳ እንደምንም ብዬ ውጤቱን አስረዳኋቸው። ተሸካሚ ምናምን ስል ግራ ያጋባኋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አቋረጡኝ።

"እንደ ሽንኩርት ዘር ነው በይኛ። እናትየው ያማረች፣ አባትየው ያማረ፤ ዘሩ ሲበቅል ነው ጉዱ የሚወጣው።"

"እንደሱ ነው።"

"እንግዲያ እኔ ቤት ሳይመጣም ነበረበት?"

"እናቱ ሆድ ውስጥ እያለም ነበረበት፣ ኦቦ ገመዳ።"

ከዚያ ቀስ ብለው የሌሊሴን ክንድ አዩ።

"ሻይ ነው?" አሏት።

እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። በመጨረሻ ሌሊሴ ራሷ ተናገረች።

"እሳት ላይ ወድቄ ነው፣ አባዬ። ከዚያ በፊትም ወድቄያለሁ።"

"ለምን ደበቃችሁኝ?"

"ደስ ብሎህ ነበራ" አለችው። "እንደዚያ ደስ ብሎህ አይተን አናውቅም።"

እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ? ኦቦ ገመዳ አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው የመከታን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ያዙ። "ያንተም የራስህ ነው ለካ" አሉት። ውሻው እጃቸውን ላሰ።

ሌሊሴ ኪኒኑን እንድትጀምር፣ እኔም አዳማ ሐኪም ዘንድ ላሳያት እዚያው ተስማማን። እፎይ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ ኦቦ ገመዳ ከኋላዬ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። ከግቢው ስንርቅ ቆሙ።

"ከዚያ ጥጥ ሌላ የለሽም?"

ትርፎቹ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳሉ ነበሩ። ለመከታ መስሎኝ አንዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከብልቃጡ አወጡት፣ አፋቸውን ከፈቱና የራሳቸውን ጉንጭ ይፈትጉ ጀመር። እኔ መከታን ስፈትገው እንዳዩት፣ እንደዚያው አድርገው፣ ሲብስም ረዘም አድርገው። መልሰው ከተው ከደኑና በመዳፌ አስያዙኝ። ብልቃጡ ሞቅ ያለ ነበር።

"የኔን ላኪልኝ።"

"ኦቦ ገመዳ፣ ይሄኮ የውሻ ምርመራ ነው። ለሰው አይሆንም።"

"ምራቅ ምራቅ ነው። ላኪው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወገኖቼ በሽታው የመጣው ከወርቂቱ ዘር ነው ሲሏት ኖረዋል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይሏታል። እኔም አዎም አይደለምም ሳልል ዝም አልኩ። ከኔ ከሆነ ልወቀው።"

ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሐኪሙ ሌሊሴን አይቶ መድኃኒቷን አስተካከለላት። አባትየውን አስቀምጦም በደንብ አስረዳቸው። የሚጥል በሽታ በሰው ላይ ሁልጊዜ በዘር አይመጣም። ምጥ ሲጠና፣ በልጅነት ከባድ ትኩሳት ሲያጋጥም፣ ጭንቅላት ሲመታም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከምን እንደመጣ አይታወቅም። ኦቦ ገመዳ "እሺ፣ እሺ" እያሉ በትሕትና ሰሙት። ከክሊኒኩ ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የኔ ውጤት መጣ?"

"ኧረ ሐኪሙ የነገረዎትስ?"

"እሱ ጥሩ ሰው ነው። ግን የውሻውን ከእናቱ ከአባቱ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ያ እውነት ሌሊሴን ወደ ኪኒኗ መለሳት። ሰውዬውን ግን የማይታወቅ ነገር ፍለጋ አስገባቸው። የውሻ ዘር ተቆጥሮ ሲታወቅ አይተዋል፤ የሳቸው ለምን አይታወቅም?

"ገና ነው" አልኳቸው። ያን ዕለት ፊታቸውን አይቼ ሌላ መናገር አልቻልኩም።

ሌሊሴ አሁን ደህና ናት። ሽንኩርት ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ አንዳንዴ ሱቄ ጎራ ብላ ክንዷን ሳትሸፍን ሻይ ትጠጣለች። መከታ አሁንም አንዳንድ ቀን ይወድቃል፤ እሷ በጎኑ አድርጋ እስኪነሳ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሰሌኑን አልነሱትም። ዳማን እንዳትወልድ አስደረግኳት። ወንዱንም የቢሾፍቱው ሰውዬ ከእንግዲህ አያገናኘውም። ዛሬ ቡችላ ፈላጊ መጥቶ "ዝርያው ምርጥ ነው?" ሲለኝ ተመርምሯል ወይ ብለህ ጠይቅ እለዋለሁ። ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ብልቃጡ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከፓምፕ ጎማዎቹ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ጎማ ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ። መጣል አልቻልኩም። የሰው አደራ እንዴት ይጣላል? ጥጡ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ኦቦ ገመዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ይደውሉልኛል። "ሰናይት፣ መጣ?" ይሉኛል። "ገና ነው" እላለሁ። "የሰው ሲሆን ይቆያል ማለት ነው" ብለው ራሳቸው ያጽናኑኛል።

ያለፈው ቅዳሜም ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ከርመው አርጅተዋል። መጣ ወይ አላሉኝም።

"ሰናይት፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አሉኝ። "እኔ እንግዲህ ላልደርስበት እችላለሁ። ውጤቱ የመጣ ቀን ምንም ይበል ምን፣ ወርቂቱን ጥሪያትና ከገመዳ ነው በያት። ወገኖቼ ባሉበት በያት።"

"ኦቦ ገመዳ..." አልኩ።

"እሺ በይኝ።"

"እሺ" አልኳቸው።

ብዙ አሰብኩበት። ምንም አልተላከም ብዬ እውነቱን ልንገራቸው እላለሁ፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠበቁት ባዶ መሆኑን በዚህ ዕድሜያቸው መስማት አለባቸው? ዛሬውኑ ሄጄ ከሳቸው ነው ልበል እላለሁ፤ ማንም ያልመረመረውን ነገር በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ዘር ላይ እንዴት ልጻፍ? ደግሞ አዴ ወርቂቱ ትዝ ይሉኛል፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው። አንዲት ቃል ከኔ ብትወጣ ቀና ብለው ለቅሶ ቤት ይገቡ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዳማ በር ላይ ተኝታለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀምጬዋለሁ።